ሞተሩን ሳይሰሙ ዕቃ መለወጥ

በአዋሽ ሰባት ኬላ አጠገብ ለጥቂት ጊዜ የቆመ ሰው አሮጌውን መኪና ከአዲሱ ለመለየት ዓይን አያስፈልገውም፤ ጆሮ ይበቃዋል። ተራ ጠብቀው ከቆሙት መካከል አዲሶቹ በጸጥታ ይቆማሉ። አሮጌዎቹ ግን ሞተራቸው ይቆራረጣል፤ መስኮታቸው ይንቀጫቀጫል፤ ሾፌሩም ሞተሩ እንዳይጠፋበት ቤንዚን መስጫውን ረገጥ ለቀቅ ሲያደርግ ይታያል። መኪና ቆሞ ሞተሩ ብቻ ሲሠራ ያለውን አሠራር ባለ ጋራዦች ሚኒሞ ይሉታል። በዚህ ጽሑፍ ልናገር የፈለግሁት ሚኒሞው የተበላሸበት ሰው ምን እንደሚያደርግና ምን ማድረግ ይገባው እንደ ነበረ ነው። የሚያደርገው ዕቃ መለወጥ ነው። ማድረግ የሚገባው ግን፣ በበኩሌ እንደሚመስለኝ፣ አስቀድሞ በገዛ ደጁ ኮፈኑን ከፍቶ መስማትና መመርመር ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ርእስ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ዘመኑ የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ አንተ ስለ ካርቡራተር ትጽፋለህን?» አሉኝ። እኔ ግን ነገሩን ገልብጬ አየዋለሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። እንግዲህ አሮጌ መኪና ያለው ቤተ ሰብ አዲስ እስኪገዛ ድረስ ያችኑ አሮጌ መኪና አስታሞ መኖሩ ነው። አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት የሚችለው ስንቱ ነው? በመንደራችን ያሉትን መኪኖች ቁጠሩና ፍረዱ።

የእኛም ቤት መኪና አሮጌ ናት። በ1970ዎቹ የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ፣ ሰው ሁሉ ዲኤክስ የሚላት፣ ካርቡራተር ያላት መኪና ናት። አባቴ በእርስዋ ሳሙናና ብስኩት ጭነው ከአዋሽ ሰባት እስከ አዋሽ አርባ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ ገዋኔ ድረስ ለሱቆች ያድላሉ። እኔም ታናናሾቼም የምንማረው ከዚያ በሚገኘው ገንዘብ ነው። ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር መንቀጥቀጥ ጀመረች። በመንገድ ላይ ስትሮጥ ደኅና ናት፤ ልትቆም ስትል ግን ሞተሩ እንደ ብርድ ይይዘዋል፤ ከዚያም ይጠፋል። አባቴ ወደ አንድ ከተማ ጋራዥ ወሰዷት። ስሙንና ቦታውን መጥራት አያስፈልገኝም፤ እንዲህ ያለው ጋራዥ በየከተማው ይገኛልና። ሠራተኛው አንድም ብሎን ሳይፈታ ካርቡራተሩ ሞቷል አለና ሌላ፣ እርሱም ያገለገለ፣ ካርቡራተር ገጠመላት። አባቴ የሁለት ወር ትርፋቸውን ከፍለው ተመለሱ። ቁልቁለቱን ወርደው መተሐራ ሲደርሱ ከፊተኛው የባሰ መንቀጥቀጥ ያዛት። በሁለተኛው ጋራዥ ካንዴላዎቹ በሙሉ ተለወጡ። በሦስተኛው ቦቢናው ተለወጠ። መኪናይቱ ግን ያው እንደ ነበረች ነበረች፤ በታኅሣሥ ወር የታናሽ እኅቴ የደንብ ልብስ ሳይገዛ ቀረ።

መፍትሔውን ያገኙት ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። እኒህ ሰው በወጣትነታቸው በምድር ባቡር መሥሪያ ቤት ይሠሩ ነበር፤ ሊቶሪና የሚባለውን ባቡር ሞተር ፈትተው እንደ ገጠሙ ሲያወሩ ልጆቹ ሁሉ እንደ ተረት እንሰማቸው ነበር። አንድ ቀን ማለዳ አባቴ ሞተሩን ለማስነሣት ሲታገሉ ድምፁን ሰምተው ከደጃቸው ተነሥተው መጡ። ምንም ሳይናገሩ ቆመው ሰሙ። ቀጥሎም እኔን «ልጄ፣ እስቲ ቤንዚን ስጠው» አሉኝ። ሰጠሁት፤ ሞተሩ ተስተካከለ። «አሁን ልቀቀው» አሉኝ። ለቀቅሁት፤ ተንቀጠቀጠ። «አየር እየሰረቀ ነው» አሉና ጎንበስ ብለው ከካርቡራተሩ በስተ ኋላ ያሉትን ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች አንድ በአንድ በጣታቸው ጭብጥ ያደርጉ ጀመር። በሦስተኛው ላይ ሞተሩ ድንገት ጸጥ ብሎ መሥራት ያዘ። ቱቦው ከሥሩ በኩል በሙቀት ደርቆ ተሰንጥቆ ነበር። በቦታው የተተካው የቱቦ ቁራጭ ዋጋ ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ አይበልጥም።

በዚያን ጊዜ አባቴ ያሳዩትን ፊት አልረሳውም። ደስታ አልነበረም።

ለምን እንዲህ እንደ ሆነ ሽማግሌው ካስረዱኝና በኋላም ከመጽሐፍ ካነበብሁት ልናገር። የቤንዚን ሞተር አየር እየሳበ የሚተነፍስ ነገር ነው። በሚኒሞ ጊዜ የካርቡራተሩ መዝጊያ ሊዘጋ ጥቂት ስለሚቀረው ከመዝጊያው ወዲያ ባለው ቧንቧ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከውጭው እጅግ ያንሳል። ስለዚህ በቱቦ ወይም በጓርኒሲዮን ላይ ያለች ጥቂት ስንጥቅ የውጭውን አየር ትስባለች፤ ያ አየር ቤንዚን አልተቀላቀለበትምና ውሕዱ ይሳሳል፤ ሞተሩም ይስታል። ቤንዚን ሲሰጠው ግን መዝጊያው ተከፍቶ ብዙ አየር በትክክለኛው በር ስለሚገባ የተሰረቀችው ጥቂት አየር ከቁጥር አትገባም። እንግዲህ ቆሞ የሚንቀጠቀጥ፣ ሲሮጥ ግን ደኅና የሚሆን ሞተር ራሱ «ስንጥቅ ፈልጉልኝ» እያለ ነው። ይህን ለመስማት ጋራዥ መክፈት አያስፈልግም። ሦስቱም ጋራዦች ግን ያን አንድ ጥያቄ፣ «ቤንዚን ሲሰጠው ምን ይሆናል?» የሚለውን፣ አልጠየቁም።

ሲቆምም ሲሮጥም የሚስት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ አይሠራም ማለት ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ እንደ እኛ ባለው አሮጌ መኪና የካንዴላዎቹን ሽቦ እጀታው በጎማ በተሸፈነ ፒንሳ አንድ በአንድ ለጥቂት ጊዜ ነቅሎ መመለስ ነው። ደኅናው ሲነቀል ሞተሩ ይዳከማል፤ የታመመው ሲነቀል ግን ለውጥ የለም። (በኤሌክትሮኒክስ የሚሠሩ አዲሶቹን መኪኖች እንዲህ ማድረግ ዕቃ ያቃጥላል፤ እጅንም ያስደነግጣል፤ ስለዚህ እነርሱን ተዉአቸው።) ጠዋት ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ቾኩን ማየት ነው። ከጋለ በኋላ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ በሙቀት እየፈላ እንደ ሆነ፣ ወይም ቦቢናው ሲግል እየደከመ እንደ ሆነ መጠርጠር ይገባል።

ካንዴላ ከሁሉም የሚበልጥ ምስክር ነው። ፈትቶ ጫፉን የተመለከተ ሰው የሲሊንደሩን ውስጥ እንዳየ ይቆጠራል። ጫፉ እንደ ተቆላ ቡና ገለባ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ጤና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ካለበት ቤንዚን በዝቷል፤ ብዙ ጊዜም የአየር ማጣሪያው በአቧራ ስለ ታፈነ ነው፤ በእኛ አገር አቧራ ይህ የሚደንቅ አይደለም። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ከመሰለ ውሕዱ ሳስቷል። በዘይት ከረጠበ የፒስተን ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎማ አልቋል፤ ይህ ግን የቤት ሥራ አይደለም። የጫፉ ክፍተት በብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። የእኛን ስንለካ ከአራቱ ሁለቱ ሳይለኩ የተገጠሙ ሆነው አገኘናቸው፤ አዲስ መሆናቸው ብቻ አላዳናቸውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ አንድ ሌላ ነገር ልመለስ፤ ይኸውም ካርቡራተሩ ከተለወጠ በኋላ መኪናይቱ ቁልቁለት ስትወርድ ለምን ባሰባት? የሚለው ነው። ይህ የእኛ የአዋሽ ሸለቆ ሰዎች ነገር ስለ ሆነ ቢረዝምም ታገሡኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች። አዋሽ ሰባት ግን ከ1,000 ሜትር በታች ነው፤ ሠመራም 450 ሜትር አትሞላም። ከፍ ባለው አገር አየሩ ስስ ነው፤ በአዲስ አበባ ያለው ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። በዚያ ካርቡራተር የሚያስተካክል ሰው ለዚያ ስስ አየር የሚበቃውን ቤንዚን ለክቶ የሚኒሞውን ብሎን ያጠብቃል፤ ልክ ነው፤ ስሕተት አላደረገም። ያው መኪና ወደ እኛ ሲወርድ ግን አየሩ ይከብዳል፤ ቤንዚኑ በደጋው ልክ እንደ ተለካ ይቀራል፤ ውሕዱም ይሳሳል። ቆላው ሞቃት ስለ ሆነ አየሩን ያሳሳዋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ጥቂት ያሳሳዋል፤ ነገር ግን የከፍታውን ልዩነት አያክልም። እንግዲህ በእኛ መኪና ላይ ሁለት በሽታ ተደርቦ ነበር ማለት ነው፤ ፊተኛው ስንጥቁ፣ ኋለኛው በደጋ የተለካው ብሎን። ቱቦው ከተተካ በኋላ ሽማግሌው ብሎኑን ሩብ ዙር እያላሉ፣ እየሰሙ፣ እንደ ገና ጥቂት እየመለሱ ሞተሩ ከሁሉ ይልቅ ለስላሳ በሆነበት ቦታ ላይ ተዉት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

በፋሲካ ዕረፍት አጎቴን ለመጠየቅ ወደ ሠመራ በዚያችው መኪና ሄድን። መንገዱ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በገዋኔ በኩል ስናልፍ ነፋሱ እንደ ምድጃ እፍታ ነበር። ሎጊያ ደርሰን ሻይ ጠጥተን ስንመለስ መኪናይቱ አልነሣም አለች፤ ብትነሣም ተንቀጥቅጣ ጠፋች። አባቴ ወዲያው «ደግሞ ምን ልንለውጥ ነው!» አሉ። ምንም አልለወጥንም። ሞተሩ ሲጠፋ የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ስለሚቋረጥ በካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ፈልቶ ከልኩ በላይ ወደ ውስጥ ፈስሶ ነበር። ኮፈኑን ከፍተን፣ በቤንዚኑ ፓምፕ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገን ሩብ ሰዓት ያህል ቆየን። ከዚያ በኋላ ቤንዚን መስጫውን ደጋግሜ ሳልረግጥ እስከ መጨረሻው ተጭኜ ይዤ ሞተሪኖውን ብነካው ተነሣች። አጠገባችን የነበሩ ሁለት የጋራዥ ልጆች ይህን ሲያዩ ፈገግ አሉ፤ እነርሱ ይህን በየቀኑ የሚያደርጉት ነገር ነውና። እኔ ያን ቀን ትልቅ ሰው የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

ስለ እነዚህ ልጆች አንድ ነገር ልበል። ጽሑፌን ያነበበ ሰው ባለ ጋራዦችን የምከስስ እንዳይመስለው እፈራለሁ። በዚህ መንገድ ላይ ከልጅነታቸው ጀምረው በከባድ መኪና ሥር ተኝተው የተማሩ፣ መጽሐፍ ሳያዩ በጆሮ ብቻ የሞተር በሽታ የሚያውቁ አሉ። ዕቃ መለወጥ የለመደው ባለ ጋራዡ ብቻ አይደለም፤ ያስለመደው ደንበኛው ጭምር ነው። መኪናውን አቁሞ «ቶሎ በል፣ መንገድ አለብኝ» ይላል፤ ምን እንደ ሆነ ሲጠየቅ «ይንቀጠቀጣል» ከማለት በቀር የሚናገረው የለውም። ሰው ሐኪም ቤት ሄዶ «ያመኛል» ብቻ ብሎ ዝም ቢል ሐኪሙ ምን ያደርጋል? መቼ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ሲሞቅ ወይስ ሲቀዘቅዝ፣ ሲቆም ወይስ ሲሮጥ፣ ይህን ለይቶ የሚናገር ደንበኛ ደግ ሠራተኛን ያግዛል፤ አታላዩንም ያሳፍራል። የቤት ምርመራ የባለ ሙያን እንጀራ ይነጥቃል የሚሉት ስለዚህ አያሳምኑኝም።

ወሰንም አለው። ፍሬንና መሪ የሚነካ ሥራ በቤት አይሠራም፤ በዚያ ላይ የሚደረግ ስሕተት የሌላ ሰው ልጅ ይገድላል። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መግባት ሞኝነት ነው። የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር ማሠራትም ሽታ የሌለው መርዝ ስላለበት ሰውን አስተኝቶ ይገድላል። ስንጥቅ ለመፈለግ ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ የሚረጩ ሰዎች አይቻለሁ፤ እኛ በእርጥብ ጨርቅና በጣት ያገኘነውን እነርሱ በእሳት ይፈልጉታል።

ከሁሉ የከበደኝ ክርክር ግን ከጋራዥ የመጣ አልነበረም፤ ከቤት ነው። እጄን በጥቁር ዘይት ተለውሼ ስገባ አባቴ ተቆጡ። «እኔ ያስተማርሁህ እንዲህ እንዳትሆን ነው» አሉኝ። እርሳቸውን አልወቅስም፤ ብዙ ወላጆች የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ከፍቅርም የመጣ ነው። ነገር ግን የእጅ ሥራን የመናቅ ነገር በአገራችን የቆየ በሽታ መሆኑን ታሪክ ያሳየናል። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በረሃውን አቋርጦ ሲድሌይ የተባለች መኪና ወደ አዲስ አበባ አመጣ፤ ዳግማዊ ምኒልክም በመኪና ተቀመጡ። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብረት ቀጥቃጩንና ሸማኔውን፣ ሌላውንም ባለ እጅ በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። መኪናው ተወደደ፤ አዋጁ ግን ከመቶ ዓመት በላይ አልፎትም በየቤታችን ገና አልተነበበም። መኪና እንዲኖረን እንወዳለን፤ መኪና የሚፈታ ልጅ እንዲኖረን ግን አንወድም።

ትምህርት ቤታችንም ከዚህ ነገር ነጻ አይመስለኝም። ስለ አየር ግፊት በፊዚክስ ክፍል ተምረናል፤ ተፈትነናል፤ ማርክም አግኝተናል። ነገር ግን ያ ትምህርት ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ በሚወርድ መኪና ውስጥ እንዳለ ማንም አልነገረን፤ እኛም አልጠየቅንም። ቋንቋውም ለያይቶናል። በክፍል የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጋራዡ ደግሞ ከጣልያን የቀረ ቃል ይናገራል። ካንዴላ፣ ካቻቪቴ፣ ፍሪሲዮን፣ ብሎን፣ ጎማ፣ መኪና የሚለውም ቃል ራሱ፣ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማ ማለት መሆኑን ባወቅሁ ጊዜ ብዙ ሳቅሁ፤ ግን አልረሳሁትም። የመጽሐፉን የእንግሊዝኛ ቃል የሚያውቀው ተማሪና የጋራዡን ቃል የሚያውቀው ልጅ በአንድ ሞተር ላይ ጎንበስ ቢሉ በመጀመሪያው ሰዓት አይግባቡም። በሁለተኛው ሰዓት ግን ይግባባሉ፤ በሎጊያ አይቼዋለሁ።

ስለዚህ ለርእሰ መምህራችንና ለፊዚክስ መምህሮቻችን የማቀርበው ልመና አንድ ነው። በላቦራቶሪው ጥግ ላይ የሞተ ይሁን እንጂ አንድ የመኪና ሞተር ይቀመጥልን። በወር አንድ ቅዳሜ ከከተማችን ባለ ጋራዦች አንዱ መጥቶ ፈትቶ ያሳየን፤ ሴቶች ተማሪዎችም በወንዶቹ ጀርባ ቆመው ሳይሆን መፍቻውን ይዘው። ገንዘብ የለም እንደሚባል አውቃለሁ፤ ስለዚህ አስቀድሜ ጠይቄአለሁ። ጎረቤታችን ሽማግሌ ከቤታቸው ጓሮ በዛፍ ሥር የተቀመጠ የአሮጌ መኪና ሞተር አላቸው። ዶሮዎች ይቀመጡበታል። ትምህርት ቤቱ ከፈለገው በነጻ እሰጣለሁ ብለውኛል። ለማንሣት ስድስት ሰውና አንድ ጋሪ ያስፈልጋል። ከስድስቱ አንዱ እኔ ነኝ፤ ሁለተኛው፣ ትናንት ማታ ይህን ጽሑፍ ሳነብላቸው እንደ ነገሩኝ፣ አባቴ ናቸው።